መንጠቆ ላይ የሰቀልኩት ማዳመጫ

ሪታየር ካደረግኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ወር የቀድሞ አለቃዬ ኤሪክ ደወለልኝና «ዛራ፣ ስለ ዋልት አንድ ገጽ ጻፊልኝ» አለኝ። ስሜ ዘሃራ ነው፤ እዚያ ቤት ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዛራ ነበርኩ።

ዋልት ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት የገና ሰሞን አርፈዋል። ኤሪክ ከዓመታት በፊት ካወጣናቸው ሸክላዎች አንዱን እንደገና ሊያሳትም ነው፤ ከሸክላው ጋር በሚገባው ወረቀት ላይ ስለ እሳቸው ጥቂት ቃል እንዲኖር ፈልጓል። የድሮው ወረቀት እኔ ጋ አለ። ከታች በትንንሽ ፊደል «የካሴቱ ሁለተኛ ገጽ የመጨረሻ አሥራ አንድ ደቂቃ በዋልት ስህተት ጠፍቷል» ይላል። ይህ እውነት አይደለም። ለዚህ ነው አንድ ገጽ ያልበቃኝ።

ካሴት መነካካት የጀመርኩት መርካቶ ነው። ደሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ሲቀር፣ አጎቴ የወዳጁ ካሴት ማባዣ ቤት አስገባኝ። መንዙማም ዘፈንም እናባዛ ነበር። ግድግዳው ላይ ቴፖች ተደርድረዋል፤ የእኔ ሥራ መጫን፣ መገልበጥ፣ የተበላ ክር በእርሳስ አዙሮ መመለስ ነበር። የተበጠሰውን በምላጭ አስተካክሎ ቆርጦ በቀጭን ፕላስተር መቀጠልም እዚያ ለመድኩ። ባለሱቁ ጥብቅ ሰው ነበር። ከዘፈኑ በፊት ሳል ካለ፣ ወንበር ከተንቋቋ፣ አንዱ «ልጀምር?» ካለ፣ ያ ሁሉ ይቆረጣል። «ሰው ገንዘቡን የሚሰጠኝ ለዘፈኑ ነው፣ ለወንበሩ አይደለም» ይል ነበር። ስንት ዓመት እንዲያ ስቆርጥ ኖርኩ።

ዲቪ ደርሶኝ ኮሎምበስ ስመጣ ካሴት የሚባል ነገር የቀረ መስሎኝ ነበር። ካናል ዊንቸስተር የሚባል ዳርቻ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ገባሁ፤ የተመለሰ ዕቃ የሚታይበት ክፍል። ከምኖርበት ሰፈር ከኢስትሙር ጋሼ ሰይድ በመኪናቸው ይወስዱኝ ነበር። የወሎ ሰው ናቸው፤ ጨዋታቸው አያልቅም።

አንድ ቀን በዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት የተጨፈለቀ ካርቶን መጣ። ውስጡ ጥቁር ሽፋን ያላቸው ሸክላዎችና ጥቂት ካሴቶች ነበሩ። የአንዱ ካሴት ክር ወጥቶ ተተብትቧል። እጄ በራሱ ኪሴ ገባና እርሳስ አወጣሁ። ፍቼ፣ አለስልሼ፣ አዙሬ ስጨርስ ሹራብ የለበሱ ቀጭን ሽማግሌ ከኋላዬ ቆመዋል። ጉዳቱን ሊያዩ የመጡ፣ ሸክላዎቹን የላከው ድርጅት ሰው ናቸው፤ ዋልት።

«እርሳስ አያያዝሽን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«ሥራ» አልኩ። እንግሊዝኛዬ ከዚያ አያልፍም ነበር።

ሳቁ። ስልካቸውን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፉልኝ።

ድርጅቱ ክሊንተንቪል ሰፈር ውስጥ የአንድ አሮጌ ቤት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ፣ ነበር። ክፍያው ከዌርሃውሱ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ወንበር ግን ነበረው፣ ጉልበቴም ያን ጊዜ መታመም ጀምሯል። ሥራው ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ድሮ፣ የብረት ፋብሪካዎች በሚዘጉበት ዘመን፣ የሠራተኛ ልጆች በየቤታቸው ቤዝመንት እየተሰበሰቡ ሰንሰለት፣ በርሜል፣ መሰርሰሪያ፣ የተበላሸ ራዲዮ ያስጮሁ ነበር። በዚያ ላይ በሹክሹክታ የአስማት ቃል ያነባሉ። ሽፋኑ ላይ ኮከብ፣ ቀንድ፣ የማላውቀው ክታብ መሳይ ነገር ይስላሉ። ሃምሳም ስልሳም አባዝተው በፖስታ ይለዋወጡታል። ኤሪክ እነዚያን ካሴቶች እየፈለገ፣ ባለቤቶቻቸውን ወይም ወራሾቻቸውን እያስፈቀደ፣ በሸክላ ያሳትማቸዋል። ከጃፓን ሳይቀር የሚያዙ ሰዎች ነበሩ።

ለሰው «ካሴት እጠግናለሁ» ብቻ ነው የምለው። ጋሼ ሰይድ ግን አንድ ቀን ሊወስዱኝ መጥተው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አዩ።

«እትዬ ዘሃራ፣ አዑዙ ቢላህ! ይሄ ባለ ቀንዱ ማነው? ማኔጀራችሁ ነው?»

«ሽፋን ነው ጋሼ።»

«ለመሆኑ ሰይጣን ኦቨርታይም ይከፍላል?»

ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ ግን አልሳቅኩም። ዋልትን በማግስቱ ጠየቅኳቸው። ፖማቸውን በካራ እየላጡ መለሱልኝ፦ «ዛራ፣ እነዚህ አባቶቻቸው ከሥራ የተባረሩ ልጆች ናቸው። የፈሩትን ድምፅ ነው የቀዱት። ሰይጣኑ ለሽፋን ነው።»

ዋልት በእኛ ደንብ አንቱ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ እኔም በልቤ ሌላ ብያቸው አላውቅም። ሥራ ሳይጀምሩ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፤ ለሶላት ዉዱእ የሚያደርጉ ይመስሉኝ ነበር። ካሴቱን ከመጫናቸው በፊት ጠረጴዛውን ሁለቴ ያንኳኳሉ። «ጫጫታ» የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ለእያንዳንዱ ካሴት አንድ ካርድ አላቸው፤ እየሰሙ በእርሳስ ይጽፋሉ፦ «በሦስተኛው ደቂቃ በር ተዘጋ። በሰባተኛው ውሻ። በዘጠነኛው አንድ ሰው አፍንጫውን ሳበ።»

በመጀመሪያው ወር የአንድ ካሴት መግቢያ ላይ የወንበር መንቋቋት ነበረና ቆረጥኩት። የመርካቶው ባለሱቅ ቢያየኝ ይመርቀኝ ነበር። ዋልት ሰሙና «የት ሄደ ወንበሩ?» አሉ።

«ቆሻሻ ነው ብዬ ነው።»

«መልሺው። የቀዳው ልጅ የተቀመጠው እዚያ ወንበር ላይ ነው።»

አልተቆጡም። እስክመልሰው ድረስ ግን አጠገቤ ቆሙ።

ጥገናውን ከእሳቸው ተማርኩ። የድሮ ካሴት ፕላስቲክ ቤቱ በሙጫ የተጣበቀ ከሆነ በስስ ምላጭ ዙሪያውን ይከፈታል፤ ክሩ በጣት ሳይነካ ብሎን ወዳለው አዲስ ቤት ይዛወራል። ድምፁን ከክሩ ከሚያነበው የቴፑ «ሄድ» ፊት ለፊት ክሩን የምትደግፍ ትንሽ ስፖንጅ አለች፤ በዕድሜ ብዛት ትሟሟለች፣ እሷ ትቀየራለች። ሄዱ በጥጥና በአልኮል ይጸዳል። ከዚያ በትንሽ ብሎን መፍቻ የሄዱን ዘንበል ማለት ማስተካከል አለ፤ የጸጉር ያህል ሲዞር፣ የታፈነው ድምፅ መጋረጃ እንደተገለጠለት ጥርት ብሎ ይመጣል። እርጥበት የመታው ክር ሲጫወት ያፏጫል፤ ቀለሙም ሄዱ ላይ ይላጣል። የተላጠው ቀለም ድምፁ ራሱ ነው። እንዲህ ያለው አንዴ ብቻ ነው የሚጫወተው፤ የመጣው ኮምፒዩተሩ ላይ ይቀራል፣ ያልመጣው ሄደ።

ስለዚህ የዋልት ትልቁ ሕግ ጆሮ ነበር። ካሴቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማዳመጫ አድርጎ ይሰማል። ያፏጨ ዕለት ወዲያው ይቆማል። የድምፁን መጠን የምታሳይ ጠቋሚ መርፌ አለች፤ ጀማሪ እሷን ያያል። «ጠቋሚዋ ድምፅ መኖሩን ነው የምታውቀው፤ ምን ድምፅ እንደሆነ አታውቅም» ይሉኝ ነበር።

እኔ ግን አንድ የራሴ ልማድ አወጣሁ። በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ካሴት ላይ ብረቱ ሁሉ ድንገት ጸጥ አለና ደወል ተደወለ፤ ከዚያ ሰውየው በሹክሹክታ አጋንንት በስም መጥራት ጀመረ። ዋልት ፎቅ ላይ ነበሩ። ማዳመጫውን አውልቄ ግድግዳው ላይ ካለው መንጠቆ ሰቀልኩና ከክፉ የሚጠብቀውን የቁርኣን አንቀጽ፣ አያተል ኩርሲን፣ ቀራሁ። ጠቋሚዋን እያየሁ ጨረስኩ። ካሴቱ ምንም አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ጸጥታና ደወል በመጣ ቁጥር እንዲሁ አደርግ ነበር። እንጀራዬንም ሃይማኖቴንም የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር። ለዋልት አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው እነዚያን ቦታዎች እሳቸው ይሰሙልኝ እንደነበር አሁን አውቃለሁ።

የዴኒስ ካሴት የመጣው በሰባተኛው ዓመቴ ነው። ዴኒስ የዚሁ ከተማ ልጅ ነበር፤ በወጣትነቱ ሞቷል። ካሴቱን ያመጣችው እህቱ ማርጊት ናት፤ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ የመጣች ሴት። ውሃ ገብቶበት ከነበረ ቤዝመንት ነው ያገኘችው። ከሱ የተባዙት ሌሎቹ የሉም። ሽፋኑ ላይ ክብ ውስጥ የተሳለ ዓይን አለ። ማርጊት ብዙ አላወራችም። «ሁለተኛውን ገጽ ተጠንቀቁልኝ» ብቻ አለች። ሁሉም ወራሽ እንዲህ ስለሚል ልብ አላልነውም። ለምን ብለን አልጠየቅናትም።

ዋልት ክሩን አዛወሩ፣ ለቀናት አደረቁ። የመጀመሪያውን ገጽ እሳቸው አወጡ፤ ቀለሙ ሲላጥ አይተናል። በማግስቱ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። ለሌላ ቀን እናቆየው አሉ፤ ክሩ ከደረቀ በኋላ ብዙ እንደማይቆይ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

«እችላለሁ» አልኳቸው።

«እንደምትችይ አውቃለሁ። አንዴ ብቻ ነው፣ ዛራ። አትለይው።»

ጠረጴዛውን ሁለቴ አንኳኩቼ ጀመርኩ። ብረት ነው፣ በርሜል ነው፣ ካርዱ ላይ እየጻፍኩ ነው። አሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ሁሉም ጸጥ አለ። ደወል ተደወለ።

ማዳመጫውን አውልቄ መንጠቆው ላይ ሰቀልኩ።

ቀራሁ። ክፍሉ ውስጥ የእርጥበት መምጠጫው ማሽን ይጮሃል፤ እኔም ድምፄን አውጥቼ ነው የምቀራው። ጠቋሚዋ ትንቀሳቀሳለች። ሰውየው እያነበነበ ነው ብዬ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ዋልት ያንን ቴፕ በራሱ እንዳይቆም አድርገውት ነበር፤ ደካማ ክር ድንገት ሲቆም ይበጠሳልና። ለማቆም የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ዞር ብዬ ሳየው ክሩ በጎማው ተሽከርካሪ ላይ ተጠቅልሎ፣ ተጨማዶ፣ ቡናማ ዱቄት ከሥሩ ፈሶ ነበር። ጠቋሚዋን ሲያንቀሳቅሳት የነበረው የክሩ ፉጨት ነው።

ዋልት ሲመለሱ ዓይናቸው በመድኃኒት ተለጥጦ ጥቁር መነጽር አድርገው ነበር። አውልቀው ጎንበስ አሉና አዩ።

«በድንገት በላው» አልኩ። «እየሰማሁ ነበር። በድንገት ነው።»

ቀና ብለው ግድግዳውን ጥቂት አዩ። «እሺ» አሉ።

ሦስት ሳምንት ያንን ክር ጣት በማይሞላ ቁራጭ እያፍታቱ፣ እያለሰለሱ፣ እየቀጠሉ ሠሩ። እኔ ፕላስተር እየቆረጥኩ አቀብላለሁ። የተገኘው ደወሉና ከደወሉ ቀጥሎ አንድ ትንፋሽ ነው። ሌላው ባዶ ክር ነበር። ኤሪክ ባዶውን እንቁረጠው ቢል ዋልት እምቢ አሉ። «አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀመጥ» አሉ።

ማርጊትን እሳቸው አስጠሯት። እኔ ውሃ አቀረብኩላት። እስኪጨርሱ ሰማቻቸውና ጠየቀች፦ «እናቴስ?»

ዋልት አልገባቸውም።

«መጨረሻው ላይ እናቴ ናት። እናቴ ስትታመም አልጋዋ አጠገብ ደወል ነበራት። ማታ ማታ ደወሏን ትደውልና በሃንጋሪኛ ለሙታኖቿ ትጸልያለች፤ አገር ቤት የቀሩትን፣ በጦርነት የሞቱትን፣ አንድ በአንድ በስማቸው። ዴኒስ ከአልጋው ሥር ቴፕ ደብቆ ቀዳት። ምንም አልጨመረበትም። እንዳለ ነው የተወው።»

እኔም ከሶላት በኋላ ሙታኖቼን በስም እየጠራሁ ነው ዱዓ የማደርግላቸው። አባቴን፣ እናቴን፣ ሁለቱን ወንድሞቼን።

«ክሩን የጫንኩት እኔ ነኝ» አሉ ዋልት። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ማርጊት አየቻቸው። «በሥራህ አዋቂ ነህ ብለውኝ ነበር» አለች። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። እኔ ብርጭቆውን ይዤ ላጥብ ሄድኩ። እንዲያ እንዳልሆነ፣ በዚያች ደቂቃ መናገር እንዳለብኝ አውቅ ነበር። እንግሊዝኛ አላነሰኝም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ማዳመጫዬን ዳግመኛ አላወለቅኩም። ጥሩ ሥራ ሠርተናል፤ ሰዎች ደብዳቤ ይጽፉልን ነበር። በየገናው ዋልት ለማርጊት የፖም ካርቶን ይልካሉ፤ በየገናው ሳይከፈት ይመለሳል። እኔ ነኝ ከደጅ ተቀብዬ የማስገባው። እንደ ልማዳቸው አንዱን ያወጡና በካራ እየላጡ «ዘንድሮ ጣፋጭ ነበር፣ አመለጣት» ይላሉ።

ዓይናቸው ደክሞ ሥራ በተዉበት ቀን ዕቃቸውን እያገዝኳቸው ሳለ ብሎን መፍቻቸውን ሰጡኝ። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ነገር አሉ፦ «የዚያን ቀን ማዳመጫው መንጠቆው ላይ ነበር፣ ዛራ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«የአንቺ ነገር ነው። አንቺ እስክትናገሪ እጠብቅ ነበር።»

ያን ጊዜም «እሺ» ብዬ ካርቶኑን አሸግኩ። ለማርጊት ብነግራት ኖሮ በቀሩት ዓመታት አንዲት ካርቶን ፖም እንኳን ትቀበላቸው ነበር። አላደረግኩትም። ልጄ ሐያት ናት ስለ መሞታቸው ከስልኳ አንብባ የነገረችኝ።

ኤሪክ ገጹን በጠየቀኝ ሳምንት ለሐያት ሁሉንም አወራኋት። «ማሚ፣ ሌት ኢት ጎ። ዋልት ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር» አለችኝ።

«እሳቸውማ ያውቁ ነበር» አልኳት። «የማታውቀው ማርጊት ናት። ካናል ዊንቸስተር ነው ቤቷ። ትወስጂኛለሽ?»

ወሰደችኝ። ማርጊት አሁን ከልጇ ጋር ከአዲሶቹ ቤቶች በአንዱ ትኖራለች። በከዘራ ነው የምትሄደው። ወዲያው አወቀችኝ፤ «ውሃ የሰጠሽኝ» አለች። ሐያት መኪና ውስጥ ቀረች። ቁጭ ብዬ ነገርኳት፤ ደወሉን፣ መንጠቆውን፣ የቀራሁትን፣ ለዋልት የዋሸሁትን። አላቋረጠችኝም።

«ፖሙን መለስኩበት» አለች መጨረሻ ላይ። «በየዓመቱ። መታመሙን ሰምቼም አልሄድኩም።»

«የእኔ ጥፋት ነው።»

«አዎ» አለች። «ያንቺ ነው።»

ጸሎቱን ታስታውሰው እንደሆነ ጠየቅኳት። ብትለው እሰማለሁ፣ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ራሷን ነቀነቀች።

«ቋንቋውን አልተማርነውም። እናቴ ስታናግረን በእንግሊዝኛ ነበር የምንመልስላት። ከስሞቹ አራት አውቃለሁ። እሷ የምትጠራቸው ከዚያ ብዙ ነበሩ። የቀሩት እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነበሩ።»

ከደጅ የመኪናው ሞተር ይሰማል። ስነሣ አልሸኘችኝም፣ «አትምጪ»ም አላለችኝም። አራቱን ስሞች በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። «የሚጽፍ ካለ» አለች።

ለኤሪክ የላክሁት ገጽ አጭር ነው። ከታች ያለችው መስመር ተቀይራለች፤ በዋልት ስም ቦታ ስሜን እኔ ራሴ ሙሉውን ጻፍኩት፣ ዛራ ሳይሆን ዘሃራ ብዬ። ቀጥሎ አራቱ ስሞች አሉ። ኤሪክ አንብቦ ደወለ። ለሙከራ የታተመውን አዲሱን ሸክላ ልኮልኝ ነበርና «ባዶውንስ በዚህኛው ላይ እንቁረጠው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ይቀመጥ» አልኩት።

ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ የሸክላውን ሁለተኛ ገጽ ጫንኩ። ጠረጴዛውን ሁለቴ አንኳኳሁ። ብረቱ አለፈ፣ በርሜሉ አለፈ፣ ሁሉም ጸጥ አለ። ደወሉ ተደወለ፤ ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ተነፈሰች። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ማዳመጫውን ሳላወልቅ አሥራ አንዱን ደቂቃ ተቀመጥኩ።